የሕንድ አለቃህን እንግሊዝኛ ለመረዳት

ዱባይ ሥራ ስጀምር ሕንዳዊው አለቃዬ «ስብሰባው ፕሪፖን ተደርጓል» አለኝ። እኔ «ፖስትፖን» (ተራዝሟል) ያለኝ መስሎኝ ተዝናናሁ። ለካ ከ10 ሰዓት ወደ 8 ሰዓት ቀድሟል! ባዶ አዳራሽ ደረስኩ።

እንዲህ ያለ ቃል ስትሰማ ስህተት ነው ብለህ አትቸኩል። ፍታው፤ «ፖስት» በኋላ ከሆነ «ፕሪ» በፊት ነው። ቁጥር ላይ ግን ጠንቀቅ በል። «ላክ» 100,000፣ «ክሮር» 10,000,000 ነው። ኮማው ራሱ ቦታ ይቀይራል፤ አንድ ላክ 1,00,000 ተብሎ ይጻፋል። «ጉድ ኔም» ካሉህ ስምህን ነው የጠየቁህ፤ ከሂንዲው «ሹብ ናም» የመጣ ጨዋነት ነው። «ዱ ዘ ኒድፉል» የሚል ኢሜይል ሲመጣ «አስፈላጊውን አድርግ» ማለት ነው። አስፈላጊው ምን እንደሆነ ካልገባህ፣ ሳታፍር እዚያው ደውል።