ልጃችሁ የኔቪ ኤ ስኩል ሲገባ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል (ኔቪ) መሠረታዊ ሥልጠና፣ ከቡት ካምፕ፣ የተመረቀች ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ግሬት ሌክስ ነበር። ከቺካጎ ወደ ሰሜን የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። እናቷ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እኔ መሀረብ ስላልያዝኩ እንባዬን በፕሮግራሙ ወረቀት ጠረግሁ። “በቃ ተገላገልን” አልን። እሷ ብዙም ሳትቆይ ወደ ፔንሳኮላ፣ ፍሎሪዳ በረረች። ለካ ከባዱ ገና ነበር።

ቡት ካምፕ ከ2025 (እንደ ፈረንጆቹ) ወዲህ 9 ሳምንት ነው። ሁሉም ሰው እዚያ አንድ ዓይነት ነገር ይሠራል። ሙያው የሚለየው ከዚያ በኋላ፣ ኤ ስኩል በሚባለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። የአውሮፕላን ጥገና ፔንሳኮላ፣ የመርከብ ሞተር እዚያው ግሬት ሌክስ፣ የኒውክሌር ሙያ ሳውዝ ካሮላይና ጉዝ ክሪክ፣ ሕክምና ሳን አንቶኒዮ፣ ቋንቋ ደግሞ ካሊፎርኒያ ሞንትሬይ። አንዳንዱ በጥቂት ሳምንት ያልቃል። የሞንትሬዩ እንደ ቋንቋው ክብደት ከ36 እስከ 64 ሳምንት ይፈጃል።

ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን እኛው ቤት ሠርተናቸዋል። የቀሩትን ከጓደኞቻችን ሰምቻለሁ።

ኮሌጅ የገባች መስሎን

“ትምህርት ቤት” ስትሉ ልጃችሁ ከክፍል ወጥታ ቡና እየጠጣች ትታያችኋለች። እንደዚያ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ስፖርት አለ፣ የዩኒፎርም ፍተሻ አለ፣ ቀኑን ሙሉ ክፍል፣ ማታ የግዴታ ጥናት። በዚያ ላይ ተራ ሲደርስ ሌሊት ዘብ መቆም አለ። ከግቢ መውጣትም በደረጃ ነው የሚፈቀደው። መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ውጭም ዩኒፎርም ይለበሳል፣ የመግቢያ ሰዓትም ይቆረጣል፤ ነጻነቱ የሚሰፋው ቀስ በቀስ ነው።

እኛ ይህን ሳናጣራ “ሰርፕራይዝ እናድርጋት” ብለን ለቅዳሜና እሁድ ትኬት ቆረጥን። ገንዘቡ የማይመለስ ዓይነት። ደርሰን ስንደውልላት ለካ ቅዳሜ ተረኛ ነች። እሁድ ሁለት ሰዓት ተኩል አገኘናት። ግማሹን ሰዓት መኪናችን ኋላ ወንበር ላይ ተኝታ አሳለፈችው። እናቷ ጫማዋን ልታወልቅላት ስትል “እማዬ ተዪ፣ ድጋሚ ማሰር ይፈጅብኛል” አለቻት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ከመሄዳችሁ በፊት እሷን ጠይቁ፤ ቀኑንም እሷ ትምረጥ። ረዘም ያለ ፈቃድ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በታኅሣሥ፣ በፈረንጅ ገና ሰሞን ነው። የእኛ ገና ሲደርስ እነሱ ክፍል ተመልሰዋል። ስለዚህ ዶሮውን ታኅሣሥ 17 ሠራንላት። እናቷ ጾም ላይ ስለነበረች ጨውን ሳትቀምስ ነው የሠራችው። ትንሽ በዝቶ ነበር፣ ማንም አልተናገረም።

ስልኩን የፈተና ወረቀት ማድረግ

“ስንት አመጣሽ?” “ከክፍል ስንተኛ ነሽ?” “የእነ እንትና ልጅ እኮ ጨረሰች።” ይህን ለምዶብናል። ልጅቱ ግን የምትደውለው ቀኑን ሙሉ ስትታዘዝ ውላ ነው። ሌላ አዛዥ አትፈልግም። እኔ በኋላ ላይ “ዛሬ ምን በላሽ?” ማለት ጀመርኩ። የሚገርመው፣ ከዚያች ጥያቄ በኋላ የፈተናውንም ወሬ ራሷ ታመጣዋለች።

የሚማሩትንም አትጎትጉቱ። የጓደኛዬ ልጅ ጉዝ ክሪክ ኒውክሌር ይማር ነበር። አጎቱ ኢንጂነር ነው፤ “የከበደህን ገጽ በስልክ አንስተህ ላክልኝ፣ እኔ አስረዳሃለሁ” አለው። በቅን ልቦና ነው። ግን እዚያ ደብተሩ ራሱ ምስጢር ነው፤ ከሕንፃው አይወጣም፣ ጥናቱም እዚያው ነው። ልጁ እንዳይልክ ክስ ፈራ፣ “አልችልም” እንዳይል አጎቱን አፈረ። ለአንድ ሳምንት ስልክ ማንሳት አቆመ። “አልነግርህም” ካላችሁ “እሺ” በሉና ወሬ ለውጡ።

ፈተና ሲወድቁ ዓለም ያለቀች ማስመሰል

ይወድቃሉ። ትምህርቱ በጥቂት ሳምንት ብዙ ነገር የሚያጭቅ ነው። አንድ ፈተና መውደቅ ማለት መባረር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ጥናት ይታዘዛል፣ ድጋሚ ፈተና ይሰጣል። ካልሆነ የትምህርት ቦርድ ፊት ቀርበው ወይ ወደኋላ ተመልሰው ከሌላ ክፍል ጋር ይማራሉ፣ ወይ ከዚያ ሙያ ይወጣሉ። ከሙያው የወጣ ሰውም የፈረመው ዓመት አለበት፤ ኔቪ በፈለገው ሌላ ሥራ ይመድበዋል።

እዚህ ላይ የምትጠየቀው ጥያቄ አንድ ናት፤ “ቦርዱ መቼ ነው?” ቀኑን ካወቃችሁ በፊቱ ባሉት ቀናት ቤት ውስጥ ያለውን ጣጣ ሁሉ ከእሷ አርቁ። ለዘመድ መንገሩን ደግሞ ለእሷ ተዉት። ልጁ የወደቀው አንድ ፈተና፣ ዜናው ግን ሦስት ስቴት ያዳረሰበት ቤተሰብ አውቃለሁ።

በክሊራንስ ፎርም ላይ ዘመድ መደበቅ

ይህ ለእኛ ዓይነቱ ቤተሰብ ከሁሉም አደገኛው ነው። ብዙ የቴክኒክ ሙያዎች ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ፣ ማለትም ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ፣ ይፈልጋሉ። ለዚያም ስታንዳርድ ፎርም 86 የሚባል ረጅም መጠይቅ ይሞላል። የት የት እንደኖሩ፣ ወላጅና ወንድም እህት የት እንደተወለዱ፣ ውጭ አገር ካለ ሰው ጋር የቅርብ ግንኙነት እንዳላቸው፣ ለውጭ ዜጋ ገንዘብ ልከው እንደሁ ሳይቀር ይጠይቃል።

ያኔ አንድ ብልጥ ነኝ ባይ ይነሳና “አዲስ አበባ ያለችውን አክስትሽን ምን አስጻፈሽ፣ ተያቸው” ይላል። እባካችሁ አትስሙት። ውጭ አገር ዘመድ መኖሩ ብቻውን ክሊራንስ አያስከለክልም። ሆን ብሎ መደበቅ ግን ያስከለክላል፤ በፌዴራል ሕግም ወንጀል ነው። መርማሪ ሰዎችን ያነጋግራል፤ ጎረቤት ድረስ ሊሄድ ይችላል።

የወላጅ እገዛ በእውነት የሚፈለገው እዚህ ነው። እኛ አንድ እሁድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን የሁሉንም ስም፣ የልደት ቀንና ቦታ ጻፍን። ሁለት ጣጣ ወጣ። አንደኛው ስም ነው። የልጄ “የቤተሰብ ስም” የእኔ ስም ነው፣ የእኔ ደግሞ የአባቴ፤ እናቷ ጨርሶ ሌላ። ለፈረንጅ ሦስት የማይገናኙ ሰዎች እንመስላለን። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የእናቷ ልደት በአንዱ ወረቀት በእኛ አቆጣጠር፣ በሌላው በእነሱ፣ በሦስተኛው ደግሞ አንድ ጸሐፊ በግምት የሞላው ሆኖ ተገኘ። ምንም አላስተካከልንም፤ የትኛው ወረቀት ላይ ምን እንዳለ ዘርዝረን ሰጠናት፣ ልዩነቱንም ራሷ ለመርማሪው አስረዳች። ይህን ከመጠየቃችሁ በፊት አዘጋጁት፤ ልጅቷ በጥናት መሀል ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ “አባዬ፣ አክስቴ የት ነው የተወለደችው?” ብላ እንዳትደውል።

ደሞዟን የቤተሰብ ማድረግ

ደሞዝ በወር ሁለት ጊዜ ነው፣ በ1 እና በ15። ዘመዱ ይህን ካወቀ በ2 እና በ16 ስልክ ይጮኻል። ትንሽ ብር ናት፣ ልጅቱም ገና ናት። መርዳት ከፈለገች ራሷ ትወስን። እናንተ ይልቅ ቲኤስፒ ስለሚባለው የጡረታ ቁጠባ ጠይቋት። ከ60 ቀን አገልግሎት በኋላ መንግሥት በራሱ ከመሠረታዊ ደሞዟ 1 በመቶ ያስገባላታል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እሷ 5 በመቶ ካስቀመጠች የመንግሥቱም 5 ይሞላል። የሕይወት ኢንሹራንሱ እስከ 500,000 ዶላር ነው። ወራሽ ማን ይሁን የሚለውን ግን አታንሱባት።

መኪና! ከካምፑ በር ውጭ ያሉ ሻጮች ዩኒፎርም ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል። ለወታደሮች ብድር ወለድን በ36 በመቶ የሚገድብ ሕግ አለ፣ የመኪና ግዢ ብድርን ግን አይጨምርም። ስለዚህ “አባዬ ፈርምልኝ” ስትል ኤ ስኩል እስክትጨርስ ቆይ በሉ። ቀጣዩ ምድቧ መርከብ ሊሆን ይችላል፤ መኪናው የት ይቆማል?

አለቃዋ ጋ መደወል

አትደውሉ። ቺፉ (የቅርብ አለቃዋ) ስለ ልጅቷ ሊነግራችሁ አይችልም፤ ለእሷ ግን “እናትሽ ደወለች” መባል ይተርፋታል። ጭንቀት ካለባት ቻፕሊን፣ ማለትም የወታደሮች የሃይማኖት አገልጋይ፣ እንዳለ አስታውሷት። ለኔቪ ቻፕሊን የተነገረ ነገር ያለ እሷ ፈቃድ አይወጣም፤ ለአዛዡም ቢሆን። ሕይወቷን የሚያሰጋ ነገር ከሰማችሁ ግን ይሉኝታ የለም፤ 988 (የአሜሪካ የቀውስ ጊዜ የእርዳታ ስልክ) ደውላችሁ 1ን ተጫኑ።

“ፈተና ላይ ናት” ብሎ መርዶ ማቆየት

ባህላችን ነው። ሰው ሞተ ሲባል በድንገት አንናገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሌሊት ተነጋግቶ፣ በሽማግሌ ነው። ልጅቱ ግን ፔንሳኮላ ናት፤ ማን ሄዶ ያርዳታል?

ፈቃድ እንድታገኝ ቤተሰብ የሚደውለው ለአሜሪካ ቀይ መስቀል ነው፤ ቁጥሩ 877-272-7337 ነው። ሙሉ ስሟን፣ የልደት ቀኗን፣ ያለችበትን ክፍል ይጠይቃሉ፤ ከሆስፒታል ወይም ከሚመለከተው አጣርተው መልእክቱን ለአዛዧ ያደርሳሉ። የሚወስነው አዛዡ ነው። ለእናት፣ ለአባት፣ ለወንድም፣ ለእህት መንገዱ ግልጽ ነው። አያት ልጅቷን እንደ እናት ያሳደገች ከሆነች ይህንኑ ለቀይ መስቀሉ ተናገሩ፤ ለውጥ ያመጣል። ቁጥሩን አሁኑኑ ፍሪጅ ላይ ለጥፉት፣ ያኔ እጅ እየተንቀጠቀጠ አይፈለግም።

እኛ አልደወልንም። እናቴ ስታርፍ ልጄ የመጨረሻው ፈተና አራት ቀን ቀርቷት ነበር። “ትጨርስና እንነግራታለን” ብለን ተማማልን። በሁለተኛው ቀን አንድ የአጎት ልጅ የእናቴን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ልጄ ዘብ ከመግባቷ በፊት አየችው። ስትደውል እኔ ስልኩን አንስቼ ምን እንደምል ጠፋኝ።

“አባዬ” አለች፣ “ፈተናውን እኮ ሌላ ቀን መውሰድ ይቻል ነበር።”