ኮድ ከመጻፉ በፊት የአንድን አፕ ምቹነት እንዴት እንፈትሻለን?

ወረቀት ላይ ያለን ስክሪን ለማስተካከል ላጲስ ይበቃል። ያው ስክሪን ኮድ ከተጻፈለት በኋላ ግን ፕሮግራመሩን መለመን ይመጣል። ቀነ ገደብ ይመጣል። በመጨረሻም «ይቅር፣ ተጠቃሚው ይለምደዋል» ይባላል። ስለዚህ ፍተሻውን ዲዛይኑ ገና ረቂቅ ሳለ ጀምሩ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ለምሳሌ ያህል የሐኪም ቀጠሮ ማስያዣ አፕ እየሠራን ነው እንበል።

መጀመሪያ «ምቹ» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ጻፉ። አይኤስኦ 9241-11 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሦስት ነገር ያያል። ሰዎቹ የፈለጉትን ማድረግ ቻሉ ወይ? ምን ያህል ጊዜና ድካም ወሰደባቸው? በአጠቃቀሙስ ረኩ ወይ? ለእኛ አፕ ግቡ «አዲስ ሰው ያለማንም እርዳታ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቀጠሮ ይይዛል» ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን እናንተ ወስኑ። ብቻ ከፈተናው በፊት ይጻፍ፤ ከውጤቱ በኋላ የወጣ ግብ ሁሌም ይሳካል።

ቀጥሎ ስክሪኖቹን በእርሳስ ሣሉ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ወረቀት። ያማረ ሥዕል ካሳያችሁት ሰው ስለ ቀለሙ ያወራችኋል። ጭረት ብቻ ሲያይ ግን ስለ አሠራሩ ይናገራል። ተፈታኙ በተኑን፣ ማለትም የተሣለውን መጫኛ፣ በጣቱ ሲነካ እናንተ ወረቀቱን ትቀይራላችሁ። ኮምፒውተሩ እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ግልጽ ግልጹን ስህተት ራሳችሁ ልቀሙ። ለዚህ የአጠቃቀም ምቹነት ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን በ1994 ያወጣቸው 10 መርሆች እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ሲስተሙ ምን እየሠራ እንደሆነ ይናገራል? የተሳሳተ ሰው መመለሻ አለው? አማራጮቹ ፊት ለፊት ይታያሉ ወይስ ሰው ማስታወስ አለበት? ከሦስት እስከ አምስት ሰው ሆናችሁ፣ ግን ለየብቻ ፈትሹና በኋላ ዝርዝራችሁን አገናኙ። አብራችሁ ከተቀመጣችሁ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ሌላውን ይነዳዋል።

አሁን እውነተኛ ተጠቃሚ ጥሩ። የቢሮ ጓደኛ አይሆንም፤ አፑ ሲወለድ አይቶታል። ኒልሰንና ተመራማሪው ቶማስ ላንዳወር በ1993 ባሳተሙት ስሌት፣ ባጠኗቸው ፕሮጀክቶች አንድ ተጠቃሚ በአማካይ 31 በመቶ ያህሉን ችግር ያጋልጣል። በዚህ ሂሳብ አምስት ሰው 85 በመቶ ገደማ ያወጣል። አማካይ ስለሆነ እንደ ሕግ አትያዙት። ታካሚውና ቀጠሮ መዝጋቢዋ ሁለቱም የሚጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ሰው ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለተፈታኙ የሚሰጠውን ተግባር ሲጽፍ ነው። በተኑ ላይ «ቀጠሮ ያዝ» ተብሎ ተጽፎ ሳለ «እባክዎ ቀጠሮ ይያዙ» ካላችሁ ፈተናው ቃል ማዛመድ ሆነ። ይልቅስ «ጥርስዎን አሞዎታል፤ ነገ ከሰዓት በፊት ሐኪም ማየት ይፈልጋሉ» በሉ። መንገዱን እሳቸው ይፈልጉት።

ሲጀምሩ «የሚፈተነው አፑ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም» በሏቸው። ድምፅ ወይም ቪዲዮ የምትቀዱ ከሆነ አስፈቅዱ። እየሠሩ ያሰቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ጠይቁ። ከዚያ ዝም በሉ።

ዝምታው ከሁሉም ይከብዳል። አንድ ጊዜ እኔ ፈታኝ ሆኜ፣ አንዲት ሴት ስክሪኑ ላይ ብዙ ስታፈጥ አላስቻለኝም። ጣቴ ሳላስበው ወደ በተኑ ሄደ። አየችኝና ተጫነችው። ያ በተን «ችግር የለበትም» ተብሎ አለፈ። ጥፋቱ የጣቴ ነበር። አሁን እጄን ጠረጴዛው ስር እደብቃለሁ። «ይሄን ልጫን?» ሲሉኝም «እኔ ባልኖር ምን ያደርጉ ነበር?» እላለሁ።

ማስታወሻ ላይ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። «ግራ ገባቸው» ከማለት «ቀን መምረጫው ላይ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሱ» ይሻላል። ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ችግር ከ0 እስከ 4 ነጥብ ስጡ፤ 0 ችግር አይደለም፣ 4 ሳይስተካከል አፑ መውጣት የለበትም። ከ4 ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ጊዜ ካጠረ 1ዎቹ ይቆዩ።

ከወረቀት አልፋችሁ ስክሪን ላይ የሚነካ ሞዴል ጋ ስትደርሱ ጆን ብሩክ በ1986 ያዘጋጀውን ባለ 10 ዐረፍተ ነገር የምቹነት መጠይቅ (SUS) መጨመር ይቻላል። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ነው፤ በመቶኛ ግን አይነበብም። አማካዩ 68 አካባቢ ስለሆነ 70 ያገኘ አፕ ከመካከለኛው ብዙም አልራቀም። በአምስት ሰው የተገኘ ቁጥር ደግሞ ይዋዥቃል። አለቃ ቁጥር ስለሚወድ ነው እንጂ እኔ ማስታወሻውን አምናለሁ።

ካስተካከላችሁ በኋላ ሌሎች አምስት ሰዎች ጥሩ። የበፊቶቹ አይደገሙም፤ መንገዱን አውቀውታል።