ቃታው ሲሳብ የሚበራና የሚጮህ የፊልም ጨረር ሽጉጥ አሠራር

እዚህ የምንሠራው ሽጉጥ ምንም ነገር አይተኩስም። ቃታው ሲሳብ አፈሙዙ ላይ ብርሃን ይፈነጥቃል፣ ከኋላው የጨረር ድምፅ ይወጣል፤ በቃ። አካሉ ከተለቃቀመ ዕቃ ይገጣጠማል። ፊልም ሠሪዎቹም የሚሠሩት እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው ስታር ዋርስ የሃን ሶሎ ሽጉጥ መነሻው የጀርመኑ ማውዘር ሲ96፣ የነጭ ለባሾቹ ወታደሮች መሣሪያ ደግሞ የእንግሊዙ ስተርሊንግ ነበር። እኛ የምንወስደው የመለጣጠፉን ዘዴ ብቻ ነው። የእውነተኛ መሣሪያ አካል፣ የማይሠራም ቢሆን፣ በዚህ ሥራ ውስጥ አይገባም። ሌዘርም አይገባም፤ ዓይን ይጎዳል፣ ኤልኢዲ ደግሞ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

አካሉን መምረጥ

ዕቃ ስትለቅሙ ከመልኩ በፊት ውፍረቱን ለኩ። ለመሀል አካሉ ባለ 50 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ፣ 180 ሚሊሜትር ርዝመት ይበቃል። ለአፈሙዙ ባለ 32 ሚሊሜትር ፒቪሲ ውሰዱ፤ የግድግዳው ውፍረት ወደ 2 ሚሊሜትር የሆነው ውስጡ 28 ያህል ስለሚሆን 23 ሚሊሜትር የሆነችውን ባለ 7 ኤልኢዲ ክብ ሰሌዳ ያለ ጭንቅ ይቀበላል። የአሉሚኒየም ቱቦ ያምራል፤ ግን ሰሌዳዋ ጀርባ ላይ ያለው ብየዳ ግድግዳውን ከነካ ሾርት ያደርጋል። አሉሚኒየም ከፈለጋችሁ በፒቪሲው ላይ እንደ እጅጌ አልብሱት።

ለጌጡ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ክንፍ፣ የካሜራ ሌንስ ቀለበት፣ የቧንቧ መገጣጠሚያ፣ የመሳቢያ ሐዲድ ሁሉ ይሆናሉ። ዓይን የሚያታልለው የመጠን ልዩነት ነው፤ አንድ ትልቅ ዕቃ፣ ሦስት አራት መካከለኛ፣ ከዚያ ብዙ ጥቃቅን ብሎንና ሽቦ። ሁሉም ተመሳሳይ መጠን ከሆኑ ሽጉጡ የዕቃ ክምር ይመስላል።

ኤሌክትሮኒክሱ

የሚያስፈልገው አንድ አርዱይኖ ናኖ (ፕሮግራም የሚጫንበትና ሁሉን የሚያዝ ትንሽ ሰሌዳ)፣ አንድ ዲኤፍፕሌየር ሚኒ የድምፅ ማጫወቻ ከማይክሮ ኤስዲ ካርድ ጋር (እስከ 32 ጊጋባይት፣ በፋት32 የተፎረማተ)፣ ባለ 4 ኦም 3 ዋት የሆነ 40 ሚሊሜትር ስፒከር፣ ባለ 7 ደብልዩኤስ2812ቢ ኤልኢዲ ሰሌዳ፣ ምላስ ያለው ማይክሮ ስዊች፣ አንድ 18650 የሚባል ዳግም የሚሞላ ሊቲየም ባትሪ ከነማቀፊያው፣ መከላከያ ያለው ቲፒ4056 ቻርጀር ሰሌዳ፣ ኤምቲ3608 የቮልቴጅ ማሳደጊያ፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ 1 ኪሎ ኦም እና 330 ኦም ሬዚስተር አንዳንድ ነው።

ኃይሉን አስቀድማችሁ አስሉ። አንድ ኤልኢዲ በሙሉ ነጭ እስከ 60 ሚሊአምፒር ስለሚጠጣ ሰባቱ 420 ይሆናሉ። ድምፁ ሲጮህ ከዚያ የማያንስ ይጨምራል። በ5 ቮልት 1 አምፒር ብለን ብንይዝ 5 ዋት ነው፤ ከ3.7 ቮልት ባትሪ፣ የማሳደጊያው ብክነት ሲታሰብ፣ 1.6 አምፒር ገደማ ይወጣል። ስለዚህ ከባትሪው እስከ ማሳደጊያው ያለው ሽቦ ወፈር ያለና አጭር ይሁን።

ማሳደጊያውን ከሌላው ነገር ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት ባትሪ ብቻ ስጡትና መውጫውን በቴስተር እያያችሁ 5 ቮልት ላይ አቁሙት። የማስተካከያዋ ትንሽ ብሎን ብዙ ዙር ሳትንቀሳቀስ ልትቆይ ትችላለች፤ አሥር ጊዜ አዙራችሁ ቁጥሩ ካልተነካ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ሳይስተካከል ናኖው ላይ የገጠመው ሰው ግን ናኖውን ሊያቃጥል ይችላል።

ባትሪውን በቀጥታ አትበይዱት፣ ሙቀቱ ይጎዳዋል፤ ማቀፊያ ተጠቀሙ። ማብሪያ ማጥፊያው በቻርጀሩ መውጫና በማሳደጊያው መካከል ይግባ። ቻርጅ ስታደርጉ አጥፉት፤ ሽጉጡ እየሠራ ከተሞላ ቻርጀሩ ባትሪው መሙላቱን በትክክል አይለይም።

መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ

ምንም ነገር ቱቦ ውስጥ ሳይገባ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አሠሩት። ማይክሮ ስዊቹን ከናኖው 2ኛ ፒን (የሰሌዳው መገናኛ እግር) ወደ ግራውንድ (የጋራው ኔጋቲቭ መስመር) አገናኙ። የኤልኢዲውን የዳታ መስመር ከ6ኛ ፒን በ330 ኦም በኩል። ከ11ኛ ፒን ወደ ማጫወቻው መቀበያ በ1 ኪሎ ኦም በኩል፤ ይህን ሬዚስተር የዘለለ ሰው ስፒከሩ ውስጥ የማያቋርጥ እዝታ ይሰማል። ካፓሲተሩን ኤልኢዲው ኃይል በሚቀበልበት ቦታ ላይ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ለይታችሁ በይዱ። የስፒከሩ ሁለት ሽቦዎች በማጫወቻው ሁለት የስፒከር ፒኖች ላይ ብቻ ይገጠማሉ፤ አንዱንም ግራውንድ ላይ አታድርጉ።

ካርዱ ላይ «01» የሚል ፎልደር ክፈቱና ድምፆቹን 001፣ 002 እያላችሁ ሰይሙ። ፕሮግራሙም በፎልደርና በቁጥር ይጥራቸው። በተራ ቁጥር ብቻ ከተጠሩ ማጫወቻው የሚከተለው ወደ ካርዱ የተገለበጡበትን ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ተኩስ ሲጠበቅ ሌላ ድምፅ ይወጣል።

ብርሃንና ድምፅን ማገናኘት

ሽጉጡን ሕያው የሚያደርገው ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ማጫወቻው ትዕዛዝ ከደረሰው በኋላ ፋይሉን ከካርዱ ፈልጎ እስኪከፍት ይዘገያል፣ ኤልኢዲው ግን ወዲያው ይበራል። ውጤቱ ብርሃኑ ቀድሞ ድምፁ ተከትሎ የሚመጣበት ነው፣ ልክ እንደ መብረቅና ነጎድጓድ። ዓይን ይህን ወዲያው ይይዘዋል።

በመጀመሪያ የተኩሱን ድምፅ በድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ክፈቱና ከፊቱ ያለውን ዝምታ እስከ መጨረሻው ቁረጡ። ኤምፒ3 ሲደረግ መጭመቂያው ራሱ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ዝምታ ስለሚጨምር በዌቭ ፎርማት አስቀምጡት። ከዚያ የማጫወቻውን «ቢዚ» ፒን ከናኖው 4ኛ ፒን ጋር አገናኙ፤ ድምፅ ሲጀምር ወደ ዜሮ ይወርዳል። ትዕዛዙ ከተላከበት እስከዚያ ያለውን ሚሊሰከንድ ናኖው ኮምፒውተሩ ላይ እንዲጽፍ አድርጉ፤ ሃያ ጊዜ ቃታውን ስባችሁ አማካዩን ያዙ። ያ ቁጥር የብርሃኑ መዘግያ ነው።

«ፒኑ ሲወርድ አብራ» ማለትም ይቻላል፤ የሚሠራው ግን ሽጉጡ ዝም ባለበት ሰዓት ብቻ ነው። ከጀርባ የማያቋርጥ የሞተር ድምፅ የምታጫውቱ ከሆነ ፒኑ ቀድሞውኑ ወርዶ ነው የሚጠብቃችሁ። ያኔ የለካችሁትን ቋሚ መዘግያ ተጠቀሙ፤ ተኩሱ ሲያልቅም የጀርባው ድምፅ እንደገና ይጠራ፣ ምክንያቱም አዲሱ ትዕዛዝ የቀደመውን ድምፅ ያቋርጠዋል።

ለብርሃኑ 40 ሚሊሰከንድ ሙሉ ነጭ፣ ከዚያ በ150 ሚሊሰከንድ ውስጥ እየደበዘዘ የሚጠፋ ቀይ ስጡት። ነጩ ካልቀደመ የመኪና ፍሬቻ ይመስላል። የብርሃን ማሰራጫ እንዲሆን 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ወተታማ አክሪሊክ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡና ከኤልኢዲው ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር አርቃችሁ ግጠሙ፤ ከተጠጋ ሰባት ነጠብጣቦች ተለይተው ይታያሉ። በሱፐር ግሉ አታጣብቁት፣ እንፋሎቱ አክሪሊኩን ያደበዝዘዋል። በጠባብ የፒቪሲ ቀለበት ያዙት።

ቃታው

ቃታውን ከ4 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ቁረጡና በሞረድ አስተካክሉ። ማዞሪያው ባለ 3 ሚሊሜትር ብሎን ይሁን፣ መላሹ ሞላ። ስዊቹ ከጉዞው ሁለት ሦስተኛ ላይ «ቀጭ» ማለት አለበት። ከስዊቹ በስተኋላ ቃታው ራሱ የሚያርፍበት ማቆሚያ ብሎን አስገቡ፤ ይህ ካልተደረገ የጣት ኃይል ሁሉ በስዊቹ ምላስ ላይ ያርፋል፣ ምላሱም በጥቂት ቀን ይጎብጣል። አንዴ ተስቦ ሁለቴ የሚተኩስ ከሆነ ስዊቹ እየነጠረ ነው፤ በፕሮግራሙ 30 ሚሊሰከንድ መጠበቂያ ጨምሩ።

መግጠምና መቀባት

ስፒከሩ ከመሀል አካሉ ኋላ፣ በተበሳ ክዳን በኩል ወደ ተኳሹ ይመልከት። ጀርባውን በስፖንጅና በክብ ፕላስቲክ ዝጉት፤ ክፍት ከተተወ ከፊትና ከኋላ የሚወጣው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ጩኸቱም የቆርቆሮ ይሆናል። የኋላ ክዳኑንና እጀታውን በብሎን እንጂ በማጣበቂያ አትዝጉ። ባትሪና ካርድ ሳይፈርስ መውጣት አለባቸው።

ፒቪሲውን በ120፣ በ240፣ በ400 ብርጭቆ ወረቀት በቅደም ተከተል ፈትጉ፤ ፕራይመር፣ ከዚያ ሁለት ስስ ዙር ጥቁር ስፕሬይ። ወፍራም አንድ ዙር ይንጠባጠባል። ሲደርቅ የብር ቀለም የነካ ብሩሽ ጨርቅ ላይ ጠርጋችሁ ጫፍ ጫፉን ብቻ አሻሹ። እጅ የሚያርፍበት፣ ከማኅደሩ ጋር የሚፋተገው ጠርዝ ይላጥ፤ እጅ የማይደርስበት ጎድጓዳ ጥቁር ሆኖ ይቅር። የአፈሙዙን ጫፍ ግን ደማቅ ብርቱካናማ አድርጉት፣ ወደ ውጭ ስትወጡም በተዘጋ ቦርሳ ያዙት። ሽጉጥ መሰል ዕቃን የሚመለከተው ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ የምትኖሩበትን አጣሩ።

ሲበላሽ

ተኩሱ ሲወጣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ እንደገና ከጀመረ ናኖው አልተበላሸም፤ ብርሃኑና ድምፁ አንድ ላይ ሲጠጡ ቮልቴጁ ወርዷል። የባትሪውን ሽቦ አሳጥሩ፣ የካፓሲተሩን ብየዳ እዩ፣ አሁንም ካልተወ ብርሃኑን ወደ 60 በመቶ ዝቅ አድርጉት። ጨለማ ውስጥ ልዩነቱ አይታወቅም። ድምፅ ጭራሽ ከሌለ ካርዱን አውጥታችሁ መልሳችሁ አስገቡ፣ ፎርማቱንም አረጋግጡ። የመጀመሪያዋ ኤልኢዲ ብቻ በተሳሳተ ቀለም ከበራች የዳታው መስመር ግራውንድ ከናኖው ግራውንድ ጋር መገናኘቱን በቴስተር ተመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው።