«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት፦ አዛውንትን በቤት ስንጦር የምንፈጽማቸው የመድኃኒት ስህተቶች

በጅማ አብዛኞቹ አዛውንት የሚጦሩት በቤታቸው ነው፤ መድኃኒቱን የምትቆጥረውም ነርስ ሳትሆን ልጅ ወይም ምራት ናት። ይህን የምጽፈው ለእነርሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊት መድኃኒትን የማስወገድ አቅሙ ይቀንሳል፤ በሰውነት ውስጥ የስብ ድርሻ ስለሚጨምርም አንዳንድ መድኃኒቶች ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። በ40 ዓመት የተስማማ ክኒን በ75 ዓመት ሊጎዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

1. አዲስ ምልክትን ሁሉ ለእርጅና መስጠት

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። አንድ አዛውንት ድንገት ሲያዞራቸው፣ ሲደናገሩ ወይም ሲወድቁ፣ በቅርቡ የተጀመረ ወይም መጠኑ የጨመረ መድኃኒት መኖሩን ሳናጣራ ዕድሜያቸውን እንወቅሳለን። ለደም ግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን እግር ሊያሳብጥ ይችላል፤ እብጠቱ እንደ ሌላ በሽታ ከታየ ፉሮሴማይድ ይጨመራል፤ ይህ ደግሞ ሽንት ስለሚያበዛ፣ በተለይ አመሻሽ ላይ ከተወሰደ፣ አዛውንቱ በሌሊት ጓሮ ወዳለው መጸዳጃ ሲወጡ ይወድቃሉ። ሌላው የግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪልም በአንዳንዶች ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ለሳሉ የተገዛው ሽሮፕ ክሎርፌኒራሚን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት ካለበት ሊያደናግራቸውና ሽንታቸውን ሊይዝባቸው ይችላል። አንዱ መድኃኒት ሌላውን እየጠራ የክኒኑ ቁጥር ይበዛል፤ የመጀመሪያው ምክንያት ግን ሳይነካ ይቀራል።

2. እንቅልፍን በዲያዜፓም መፈለግ

በ20 ዓመት ወጣት ደም ውስጥ ያለው የዲያዜፓም መጠን በግማሽ ለመቀነስ 20 ሰዓት ገደማ ሲበቃው፣ በ80 ዓመት አዛውንት ግን እስከ 90 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ማታ ማታ የሚዋጠው ክኒን እየተጠራቀመ በማግስቱ ያንገዳግዳቸዋል፤ አጥንት የሚሰበረውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ቢርስ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ለአዛውንት የማይመከሩ መድኃኒቶችን ዝርዝር ሲያወጣ ዲያዜፓም ከነዚህ አንዱ ነበር። በእኛ ከተማ ደግሞ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባ ነገር አለ፦ አባት ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ውለው፣ አመሻሽ ላይ እስከ በረካ ቡና ጠጥተው እንቅልፍ ቢያጡ ጉድለቱ የክኒን አይደለም። ጫት የደም ግፊትንም ስለሚጨምር የግፊት መድኃኒታቸውን ሥራ ያከብድበታል። ሆኖም ዲያዜፓምን ለወራት የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ሊያቆመው አይገባም፤ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

3. ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ እየገዙ መስጠት

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ማዘዣ በቀላሉ ስለሚገኙ ጉዳት የሌላቸው ይመስላሉ። አዛውንቱ ኢናላፕሪልና ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ሦስቱ ተደምረው ኩላሊትን በድንገት ሊያደክሙት ይችላሉ፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራንም ሊያደሙ ይችላሉ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ነገን ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ለሕመሙ በቅድሚያ የሚመረጠው በትክክለኛ መጠን የሚሰጥ ፓራሲታሞል ነው።

4. የስኳር መድኃኒትን ከምግብ ነጥሎ ማሰብ

ግሊበንክላማይድ ምግብ ቢበላም ባይበላም የደም ስኳርን ያወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርም ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይስማማ ያመለክታል። እናት በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ምግብ ሳይቀምሱ ውለው መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ቢወስዱ፣ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዳንዴም ሰው መለየት ያቅታቸዋል። መዋጥ ከቻሉ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይስጧቸው፤ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሆስፒታል ያድርሷቸው። የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር መነጋገር ያለበት ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው።

5. ለሐኪሙ ግማሹን ብቻ ማሳየት

የልብ ክትትላቸው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሆነ አዛውንት ለወገባቸው ወደ ሰፈር ክሊኒክ፣ ለሳላቸው ወደ መድኃኒት ቤት ይሄዳሉ፤ ሦስቱ ባለሙያዎች ግን አንዱ የሌላውን ማዘዣ አያዩም። በቀጠሮ ቀን በቤት ያለውን ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱትን ክኒንና የሚጠጡትን የባህል መድኃኒት ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። ስለ እያንዳንዱም «ይህ ለምንድን ነው? እስከ መቼ ይወሰዳል?» ብለው ይጠይቁ።