በንብ ሰም መሳል ለሚሞክር

የጧፍ ሽታ ደስ የሚልህ ከሆነ ይሄ አሳሳል ላንተ ነው። ቀለሙን የምትበጠብጠው በቀለጠ የንብ ሰም ነው። አዲስ ፈጠራ እንዳይመስልህ፤ ግብፅ ፋዩም ከተገኙት ጥንታዊ የሟቾች ምስሎች ብዙዎቹ በሰም የተሳሉ ናቸው።

ጥሬ ሰም ከገዛህ በሙቅ ውሃ አቅልጠህ በስስ ጨርቅ አጥልለው፣ አለዚያ የንብ ክንፍ ሥዕሉ ውስጥ ይቀራል (አንዴ ቀርቶብኝ ተውኩት፣ እንዲያውም አምሮበት ነበር)። ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሚቀልጥ ኃይለኛ እሳት አያስፈልገውም፤ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው። ከጨሰ በጣም ግሏል ማለት ነው፣ ቶሎ አውርደው። መስኮት ክፈት። እሳት ከያዘው ደግሞ ክደነው እንጂ ውሃ እንዳትደፋበት!

ሸራ ይቅርብህ፣ ሲተጣጠፍ ሰሙ ይሰነጠቃል። ደረቅ ጣውላ ይሻላል። ብሩሹም የፀጉር ይሁን፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

አሁን ሥዕሉ ውስጥ ቅጠል ወደ ማስገባቱ እንሂድ። እኔ የባሕር ዛፍ ቅጠል እወዳለሁ፤ መጽሐፍ ውስጥ ተጭኖ በደንብ ይድረቅ፣ እርጥብ ከሆነ ከሰሙ ሥር ይበሰብሳል። ጣውላውን ሰም ቀባ፣ ቅጠሉን አስቀምጥ፣ ከላይ ቀለም የሌለው ሰም በስሱ ደርብበት። በየድርቡ በሙቅ አየር ማሞቂያ መለስ ቀለስ እያልክ አሙቀው፣ ፊቱ ወዝ ሲል በቃ፣ ካለፈ ሁሉም ይፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ቅጠሉ ላይ የሚታዩትን መስመሮች ተከትለህ ሰሙን በመርፌ ጫር፣ ጥቁር የዘይት ቀለም እሽበትና በጨርቅ ጥረገው። ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ብቻ ይቀራል።

ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ግን አትስቀለው።