ኮፐርኒከስን በትንሽ ቴሌስኮፕ ለማየት

ኮፐርኒከስ የተባለውን የጨረቃ ጉድጓድ በደንብ ለማየት ከቴሌስኮፑ ይልቅ የሌሊቱ ምርጫ ይወስናል። ስፋቱ 93 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጥልቀቱ 4 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከማድጋ ይልቅ ለምጣድ ይቀርባል ማለት ነው። ጥልቀቱ የሚታወቀው ፀሐይ ከጎን ስታበራበትና ጥላ ሲወድቅ ብቻ ነው።

ፀሐይ እዚያ የምትወጣው ግማሽ ጨረቃ ከሆነች ከ1 ቀን ተኩል በላይ ቆይታ ነው፤ በሒጅራ አቆጣጠር የወሩ 9ኛ ወይም 10ኛ ሌሊት ላይ ይውላል። ከፍታዋ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ብቻ ስለሚጨምር፣ መጀመሪያ ጠርዙ እንደ ቀለበት ይበራል፣ ውስጡ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። መሀል ያሉት ተራሮች ጫፋቸው ብቅ የሚለው ከ6 ወይም 7 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሌሊት ወለሉ ካልታየ መሣሪያውን አይውቀሱ፤ በማግስቱ ይመለሱ። እርከን እርከን የሆነው ግድግዳ ያን ጊዜ ቁልጭ ይላል።

70 ሚሊ ሜትር ስፋትና 700 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ቴሌስኮፕ ይበቃል። በ25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ (28 እጥፍ) ይፈልጉ፣ በ10 ሚሊ ሜትሩ (70 እጥፍ) ይመርምሩ። ከ140 እጥፍ በላይ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አይጠራም። ቱቦው እንዲቀዘቅዝ ከግማሽ ሰዓት በፊት ደጅ ያውጡት። በመስኮት በኩል ወይም ቀን በጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ አናት ላይ ካዩ ምስሉ እንደ ፈላ ውሃ ይርገበገባል። አዲስ አበባ ላይ ጨረቃዋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ወደ አናት ስለምትጠጋ ቱቦውን ማቅናት ያስቸግራል፤ እስከ 4 ሰዓት ቢጠብቁ ይቀላል።

ከዓይን ሌንሱ በፊት የሚገባው ባለ መስታወት ማጠፊያ የምስሉን ግራና ቀኝ ስለሚገለብጥ በአቅጣጫ ሳይሆን በምልክት ይሂዱ። የአፔናይን ተራሮችን ቅስት እስከ መጨረሻው ይከተሉ። ጫፉ ላይ ያለው ኤራቶስቴኒስ የተባለ ጉድጓድ ነው፤ 58 ኪሎ ሜትር ሲሆን እሱም የመሀል ተራራ ስላለው ብዙዎችን ያሳስታል። ከዚያ የጨረቃዋ ብርሃንና ጨለማ ወደሚለያዩበት ድንበር አቅጣጫ 300 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የኮፐርኒከስን ስፋት 3 ጊዜ ያህል ይሻገሩ። በመንገድዎ ላይ ላቫ የዋጠው ስታዲየስ የተባለ ጉድጓድ አለ፤ ከጠርዙ የቀረው ጭላንጭል ነው። አጠገቡ የተደረደሩት ትናንሽ ጉድጓዶች ኮፐርኒከስ ሲፈጠር የተፈናጠሩ አለቶች የቆፈሯቸው ናቸው።

ሙሉ ጨረቃ ይህን ሁሉ ታጠፋዋለች፤ ከጉድጓዱ ዙሪያ እንደ ጨረር የተዘረጉትን ነጣ ያሉ መስመሮች ግን ታወጣለች። ለእነሱ 10 በ50 ባይኖኩላር ይሻላል፤ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ተዘርግተው ይታያሉ። በ1969 እ.ኤ.አ. አፖሎ 12 የተባለችው ሰው የጫነች መንኮራኩር ያረፈችው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ሲሆን፣ የጉድጓዱ ዕድሜ 800 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው የተባለው ከዚያ በመጣው አፈር ነው።