«ምጣዱ አልሰማ አለ» ሲሏችሁ መጀመሪያ የሽቦውን መገጣጠሚያ እዩ

ምልክቱ ሁሌም አንድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ቶሎ አይሰማም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ከዚያው መስመር ያለው አምፖል ይርገበገባል። ቆይቶ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ብሬከሩ ግን አይወርድም።

ጅማ ውስጥ ሄርማታ አካባቢ አንዲት እናት አስጠሩኝ። «ልጄ፣ ምጣዱ አርጅቷል መሰለኝ፣ ሌላ ልግዛ?» አሉኝ። ምጣዳቸው ደህና ነበር። ከቆጣሪው እስከ ኮርኒሱ ባለ 4 (ውፍረቱ 4 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ) ሽቦ ተዘርግቷል። ከዚያ ወደ ሶኬቱ የወረደው ግን ባለ 1.5 ነው። ሁለቱን በእጅ ጠምዝዘው ናስትሮ (የኤሌክትሪክ ፕላስተር) ጠቅልለውባቸዋል። ናስትሮውን ስፈታ ከሥሩ ከሰል ሆኗል። የኮርኒሱ እንጨትም ጠቁሯል። ቤቱ ጭቃ ቤት ነው፤ ልጆች ይተኙበታል።

ወፍራም ሽቦ በእጅ አይጠመዘዝም። ቀጭኑ ብቻ ይዞርበታል። ሲያዩት የተያያዘ ይመስላል፤ የሚነካካው ግን በጥቂት ቦታ ነው። እዚያ ጋ ይግላል። ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ይላላል። በላላ ቁጥር ደግሞ ይብስ ይግላል። ብሬከር የሚለየው የበዛ ከረንትን ነው። የላላ መገጣጠሚያ ከረንት ስለማይጨምር ዝም ይላል።

ብሬከሩን አውርዱ፣ መብራት አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጡ። የጠቆረውን ሽቦ አትፋቁት፣ ቁረጡት። የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪመጣ ቁረጡ። ወፍራሙን የሚችል ሞርሴቶ (ሽቦ በብሎን የሚያጠብቅ ማገናኛ) ውሰዱ። ቀጭኑን አጥፋችሁ ድርብ አድርጉትና አስገቡት፤ አለዚያ ብሎኑ ጎን ለጎን ያልፈዋል። ባለብዙ ክር ከሆነ ጫፉ ላይ የመዳብ ቱቦ ጨምቁበት። ክሩ እንዲገባላችሁ ብላችሁ ግማሹን አትቁረጡ! ይህን ስንት ቤት አይቻለሁ። ካጠበቃችሁ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ ሳቡት። ከመጣ እንደገና ሥሩት። ሞርሴቶው ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ውስጥ ይግባ እንጂ ኮርኒስ ላይ አይጣል።

ጥሩ መገጣጠሚያ ግን ቀጭኑን ሽቦ አያወፍረውም። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ለዚህ ባለ 1.5 አይሆንም። ለእኚያ እናት ባለ 4ቱን ሳልቀጥል እስከ ሶኬቱ አወረድኩት። መቀጠል ግድ ከሆነ ብሬከሩ በቀጭኑ ልክ ይሁን፦ ለባለ 1.5 ሽቦ 10 አምፔር፣ ለባለ 2.5 ሽቦ 16 ወይም 20። «እየወረደ አስቸገረን» ብለው ባለ 32 የሚያስገቡ ሰዎች ቤቱን ለእሳት እየሰጡት ነው።

ሽቦ ስትገዙ ጫፉን በቢላ ፋቁት። ከውስጥ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና መልሱት። ብሎኑ በመጀመሪያው ማጥበቅ የሚበላሽ ርካሽ ሞርሴቶም አትግዙ።

አሉሚኒየምና መዳብ በቀጥታ አይነካኩ፤ በጅማ ዝናብና እርጥበት ቶሎ ይበላሻሉ፣ ለሁለቱ የተሠራ ማገናኛ ያስፈልጋል። ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለውን መብራት ኃይል ይሥራው።

ስትጨርሱ ምጣዱን ግማሽ ሰዓት አብሩት። ብሬከሩን አውርዱና ሞርሴቶውን በእጃችሁ ንኩት። ከሞቀ ፍቱትና እንደገና ሥሩት።